«ሊዝ»ና «ሬንት» በኢታንግ፦ ስለ ተቀራራቢ የእንግሊዝኛ ቃላት የቀረበ ሂስ

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ደብተር አለው። ከግራ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፥ ከቀኝ በኩል የአማርኛው ፍች ተጽፎበታል። እኔም በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለ ደብተር ነበረኝ፤ ዛሬም አልጣልሁትም። ከገጾቹ በአንዱ ላይ «ሃየር»፥ «ሬንት»፥ «ሌት»፥ «ሊዝ» የሚሉት አራት ቃላት በአንድ ቅንፍ ታስረው በስተቀኛቸው «ማከራየት፥ መከራየት» የሚል ፍች ብቻ ይታያል። መምህራችን የነገሩን አራቱ አንድ መሆናቸውን ነው። በፈተናም ይህንኑ ጽፈን ሙሉ ነጥብ አገኘን።

ይህ ጽሑፍ ያን ሙሉ ነጥብ ለመንቀፍ የተጻፈ ነው። መምህሬን መንቀፌ አይደለም፤ እርሳቸውም የተቀበሉትን አስተማሩን፤ ከእኛም መካከል ብዙዎቹ ነገ አስተማሪ ሲሆኑ ያንኑ ደብተር ይዘው መቆማቸው አይቀርም። እኔ ቃላቱ አንድ አለመሆናቸውን የተረዳሁት ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ካደግሁባት ከኢታንግ ነው። ኢታንግ በጋምቤላ ክልል በባሮ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ልዩ ወረዳውም በስሟ ይጠራል። አባቴ በዚያ በመምህርነት ተመድቦ ስለ ነበር የልጅነት ዘመኔን በአኙዋክ፥ በኑዌርና በኦፖ ጐረቤቶቻችን መካከል አሳለፍሁ። የዚህች ስፍራ መሬት በሁለት የእንግሊዝኛ ሰነዶች ውስጥ ተጠቅሷል። የመጀመሪያው በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተደረገው ውል ነው፤ ሁለተኛው በ2003 ዓ.ም. በግብርና ሚኒስቴርና ካሩቱሪ በተባለው የህንድ ኩባንያ መካከል የተፈረመው ነው። በመጀመሪያው ውስጥ «ሊዝ» የሚል ቃል አለ፤ በሁለተኛው አርእስት ላይ ደግሞ «ሬንት» የሚል አለ። ሁለቱንም በአማርኛ «ኪራይ» ብንላቸው ማንም አይስቅብንም፤ ሰነዶቹን ግን ሳናነባቸው ቀርተናል ማለት ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። በክረምት ባሮ ሲሞላ አንድ ሰው ማዶ ለመሻገር ታንኳ ይከራያል፤ ከገጠር የመጣ ተማሪ ክፍል ይከራያል፤ ባለሀብትም የእርሻ መሬት ይከራያል። የእንግሊዝ አገር ሰው ግን ለታንኳው «ሃየር»፥ ለክፍሉ «ሬንት»፥ ለመሬቱ «ሊዝ» ይላል። አሜሪካዊው ታንኳውንም ክፍሉንም «ሬንት» ስለሚላቸው፥ የእንግሊዝ መዝገበ ቃላት የያዘና አሜሪካዊ አስተማሪ የነበረው ሁለት ጓደኛሞች በዚህ ጕዳይ ቢከራከሩ ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ሌት» ደግሞ የሰጭው ሥራ እንጂ የተቀባዩ አይደለም። ይህን ልዩነት አማርኛ የሚገልጸው በግሡ ቅርጽ ነው፤ አከራየና ተከራየ በማለት። በዚህ ረገድ የኛው ቋንቋ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጥርት ያለ ነው፤ ቤቱን «ሬንት» ያደረገ የተባለው ሰው ባለቤቱ ይሁን ተከራዩ ቀሪው ዐረፍተ ነገር ካልተሰማ አይታወቅምና።

የቃላቱ የትውልድ ሐረግም ይለያያል። «ሃየር» ከጥንቱ እንግሊዝኛ የደመወዝ ስም የመጣ ስለ ሆነ ሠራተኛም «ሃየር» ይደረጋል፤ በአማርኛ ግን ሠራተኛ ይቀጠራል እንጂ አይከራይም። «ሬንት» ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን ሥሩ መልሶ መስጠት ነው፤ ይኸውም ለባለመሬቱ በየጊዜው የሚመለስለት ገቢ ነው። «ሊዝ»ም በዚያው በፈረንሳይኛ መንገድ የመጣ ነው፤ ሥሩ ግን ማላላት፥ መልቀቅ ነው። የኛው ኪራይ ከዐረብኛ የተወሰደ ነው። ስለዚህ «ሬንት» በመጀመሪያ የገንዘቡ ስም ነው፤ «ሊዝ» የመብቱና የዘመኑ ስም ነው። ወር በወር እየከፈለ የሚኖር፥ ነገ ውጣ ቢሉት የሚወጣ ሰው «ሬንት» ይከፍላል፤ የተቈረጠ ዘመን ግን በእጁ የለም። ስለ ዘመኑ ብዙ ተጽፎ ስለ ክፍያው መጠን አንዳች ያልተጻፈበት «ሊዝ»ም ይገኛል። የ1894ቱ ውል እንዲህ ያለ ነው።

ያ ውል ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲፈረም በእንግሊዝ በኩል የፈረመው ሌተና ኮሎኔል ጆን ሌን ሃሪንግተን ነበር። ዋናው ጕዳይ የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ነው፤ አራተኛው አንቀጽ ግን ስለ ኢታንግ ይናገራል። በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አቅራቢያ፥ የወንዝ ዳርቻው ከ2,000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ተመርጦ ለሱዳን መንግሥት በ«ሊዝ» እንዲሰጥ ምኒልክ ፈቀዱ። መሬቱ የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ነው፤ ለፖለቲካም ለጦርም ሥራ እንዳይውል ተከልክሏል። ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ መንግሥት ሥር እስካለች ድረስ ነው። አንቀጹን ከላይ እስከ ታች ብናነበው የክፍያ መጠን አናገኝበትም። የአንቀጹ ክብደት ሁሉ በዘመኑ ላይ ወድቋል።

«ሊዝ» በተባለበት ስፍራ «ሲድ» የሚለው ቃል ቢገባ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? «ሲድ» መሬትን አሳልፎ ለዘለዓለም መስጠት ነው። ልዩነቱን ለማየት ሆንግ ኮንግን መመልከት ይበቃል። ደሴቲቱ በ1842 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ «ሲድ» ተደረገች፤ ከየብሱ በኩል ያለው ሰፊው ምድር ግን በ1898 እ.ኤ.አ. ለ99 ዓመት በ«ሊዝ» ተሰጠ። በ1997 እ.ኤ.አ. ዘመኑ ሲሞላ «ሊዙ» ያንን ለዘለዓለም የተሰጠውንም ጐትቶ ሁሉም ወደ ቻይና ተመለሰ። በኛ ዘንድ ደግሞ ሱዳን ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ በአራተኛው አንቀጽ የተባለው ጊዜ አለቀ፤ በዚያው በ1956 እ.ኤ.አ. ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የመመለሱ ምክንያት ከ54 ዓመት በፊት በአንድ ቃልና በአንድ የዘመን ሐረግ ተጽፎ ይጠብቅ ነበር። በ1881 ዓ.ም. በተደረገው የውጫሌ ውል ዐሥራ ሰባተኛ አንቀጽ ምን እንደ ደረሰ ያዩ ሰዎች ይህን ውል ሲፈርሙ ለቃል ቸልተኞች ሊሆኑ አይችሉም፤ ከፊርማው በላይም ውሉ በእንግሊዝኛና በአማርኛ በአንድ ዐይነት የተጻፈ መሆኑና ሁለቱም ጽሑፎች ሕጋዊ መሆናቸው ተገልጿል።

ጣቢያው የተሠራው ግን ኢታንግ ላይ አይደለም። በ1904 እ.ኤ.አ. ከኢታንግ ወደ ላይ ራቅ ብሎ በጋምቤላ ተቋቋመ፤ ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች እስከዚያ ድረስ መውጣት ይችሉ ነበርና። እንግሊዝኛው «ኔበርሁድ» ማለቱ እንጂ «አት» አለማለቱ ይህን አስችሏል። ዛሬ የክልሉ ዋና ከተማ ጋምቤላ ሆኖ ኢታንግ ወረዳ ሆና የቀረችው በዚህ ቃል ልልነት ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ለቀልድ ያህል ግን እለዋለሁ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ጸሐፊዎች ጣቢያውን «ኤንክሌቭ» እያሉ መጥራታቸው ነው። የአንቀጹ ቃል «ስቴሽን» ነው። «ስቴሽን» ሰውና ዕቃ የሚያርፍበት ስፍራ ነው፤ «ኤንክሌቭ» ግን በሌላ አገር ምድር የተከበበ ግዛት ነው። የሱዳን መንግሥት ስፍራውን እንዲያስተዳድር በውሉ ስለ ተፈቀደለት በሥራ ላይ ሲታይ ግዛት ይመስል እንደ ነበር አልክድም። ቢሆንም የምርምር ጽሑፍ የሚያቀርብ ሰው የውሉን ቃል ትቶ የኋለኞችን ቃል ሲያነሣ፥ ሳያውቀው «ሊዝ»ን ወደ «ሲድ» እየገፋ ነው።

ከዚሁ ውል ሳልወጣ ስለ ሦስተኛው አንቀጽ ጥቂት ልበል። አንቀጹ ስለ ጥቁር ዓባይ፥ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ሶባት ነው፤ ባሮም ከፒቦር ጋራ ሲገናኝ ሶባት ስለሚባል ጕዳዩ ለኢታንግ ባዕድ አይደለም። እንግሊዝኛው ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋራ ስምምነት ሳይደረግ ወደ ዓባይ የሚወርደውን ውሃ «አሬስት» የሚያደርግ ሥራ ወንዙን አቋርጦ እንዳይሠራ ይላል፤ የአማርኛው ቃል መድፈን ነው። ሁለቱም ውሃውን ፈጽሞ ማቆምን ይናገራሉ፤ መቀነስን ወይም መጠቀምን አያነሡም። ስለ ዓባይ በሚደረገው ክርክር ውስጥ ግን «አሬስት»ን «ሪድዩስ» እንደ ማለት አድርጎ የሚያነብ አይጠፋም። የኛው «ግድብ» በተራው ሁለት ነገር ይሸፍናል፤ «ዳም» ወንዙን ያቋርጣል፥ «ዳይክ» ከወንዙ ጐን ጐን ይሄዳል። ካሩቱሪ ከባሮ ጐርፍ እርሻውን ለመከላከል የሠራው «ዳይክ» ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ግን ጐርፉ በቆሎውን አጥፍቶበታል። አንድ ሰው በአማርኛ «ባሮ ላይ ግድብ ተሠራ» ብሎ ቢናገር፥ ሦስተኛውን አንቀጽ የሚያውቅ ሰሚ ያለ ምክንያት ይደነግጣል።

ወደ ሁለተኛው ሰነድ እለፍ። የእንግሊዝኛው አርእስት የመሬት «ሬንት» ውል ይላል። በኢታንግና በጂካዎ ወረዳዎች የሚገኝ 100,000 ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት፥ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር። ማባዛት ለሚወድ አንባቢ በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ነው። የ1894ቱ 400 ሄክታር ከዚህ ጋራ ሲተያይ ከ250 አንድ እጅ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ሰጭው «ሌሰር»፥ ተቀባዩ «ሌሲ» እየተባሉ ይጠራሉ፤ እነዚህ የ«ሊዝ» ልጆች ናቸው። አርእስቱ ገንዘቡን ያነሣል፥ አካሉ መብቱን ይሰጣል። በአርእስቱ የቆመ አንባቢ 20 ብር ጥቂት ነው ወይስ ይበቃል ብሎ ይከራከራል፤ በዓለም ጋዜጦችም ስለ ዋጋው ማነስ ብዙ ተጽፏል። ክርክሩ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን 20 ብሩ 200 ብር ቢሆንም የተሰጠው መብት ያው ነው፤ የ50 ዓመት ይዞታ፥ ውሃ መጥለፍና ግድብ መሥራት ድረስ የሚደርስ። ያን ጊዜ እኔ ገና ፊደል የምቈጥር ልጅ ነበርሁ። ውሉን ያነበብሁት በዚህ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ስለ ገንዘቡ ስሰማ አድጌ ስለ መብቱ ሰምቼ አለማወቄ አስገረመኝ።

ከሁሉ ይልቅ ያቆመኝ ግን አርእስቱ አይደለም። በውሉ ውስጥ ሰጭው መሬቱን በ«ቬካንት ፖዜሽን» ለተቀባዩ ለማስረከብ ግዴታ ገብቷል። በደብተሬ ላይ «ኤምፕቲ»፥ «ቬካንት»፥ «አይድል» የሚሉት ሦስቱ «ባዶ» በሚል አንድ ፍች ታስረዋል። በዚህ ፍች ከተረጐምነው ሐረጉ «ባዶ ይዞታ» ይሆናል፤ ሰምቶም የሚደነግጥ የለም፤ መሬቱ ባዶ ከሆነ ባዶውን መስጠት ምን ክፋት አለው? የሕግ ቃሉ ግን እንዲህ አይልም። «ኤምፕቲ» ያለውን ነገር ይገልጻል፤ ገንቦው ውሃ የለውም እንደ ማለት። «አይድል» ሥራ ፈት ማለት ነው። «ቬካንት ፖዜሽን» ግን መግለጫ ሳይሆን ተስፋ ነው፤ በርክክቡ ቀን በስፍራው ሰውም ዕቃውም አይገኝም የሚል ቃል መግባት ነው። ትናንት ሰው አልነበረም አይልም። እንዲያውም ይህ ሐረግ በእንግሊዝ አገር በብዛት የሚሰማው ተከራይ ያለበት ቤት ሲሸጥ ነው፤ ሰው ስላለ ነው ይወጣል ተብሎ የሚጻፈው። ስለዚህ «ባዶ» ብለን በተረጐምን ጊዜ አንዱ ወገን ሊፈጽመው የገባውን ግዴታ የመሬቱ ጠባይ አስመሰልነው። ማን ይነሣል፥ ማን ያስነሣል የሚለው ጥያቄ ከትርጕሙ ጋራ ጠፋ።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፥ በዚያው በ2003 ዓ.ም. በጋምቤላ ክልል ሕዝብን በመንደር የማሰባሰብ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጃንዋሪ 2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ሰዎቹ የተነሡት በግዴታ መሆኑንና ነገሩም ከመሬት ውሎች ጋራ የተያያዘ መሆኑን ጻፈ፤ መንግሥት በበኩሉ ፕሮግራሙ በፈቃድ የተደረገ፥ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለማቅረብ የታሰበ መሆኑን በመግለጽ ግንኙነቱን ካደ። የኔ ሥራ በሁለቱ መካከል መፍረድ አይደለም። እኔ የምለው ክርክሩን ለመከታተል የሚፈልግ አማርኛ አንባቢ «ባዶ» የሚለውን ቃል ይዞ ወደ ፊት መሄድ እንደማይችል ነው።

የኢታንግ መሬት ደግሞ በተለይ ለ«ባዶ» የማይመች ነው። አኙዋኮች ባሮ ከሞላ በኋላ ሲጐድል በዳርቻው በሚቀረው እርጥበት በቆሎ ይዘራሉ፤ ወንዙ በሞላበት ወር የመጣ ሰው እርሻውን አያየውም፤ ውሃ ነው። ኑዌሮች በበጋ ከብቶቻቸውን ወደ ወንዙ ያወርዳሉ፥ በክረምት ወደ ከፍታው ይመለሳሉ። በቋንቋቸውም መኖሪያ መንደሩ «ቺየንግ»፥ የከብት ሠፈሩ «ዌች» ይባላል፤ እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እ.ኤ.አ. ስለ ኑዌር ባሳተመው መጽሐፉ ይህን አብራርቶታል፤ እኔ ግን ከመጽሐፉ በፊት ከክፍል ጓደኞቼ ሰምቼዋለሁ። በሐምሌ ሰው የሌለበት «ዌች» ለእንግዳ ባዶ ሜዳ ነው። ለባለቤቱ ግን ታኅሣሥ የሚመለስበት ቤቱ ነው። እዚህ ላይ እንግሊዝኛም ራሱ ይቸገራል፤ «ቬካንት» የሚለው ቃል ስለ ርክክቡ ቀን እንጂ ስለ ወቅቶች አያውቅም።

ከዚህ ተነሥቶ አማርኛ ድኻ ነው የሚል ጓደኛ ቢኖር አልቀበለውም። ስለ ሰው አልባ መሬት ስንት ቃል አለን! ጠፍ መሬት አለ፤ ሰው ኖሮበት የጠፋበት ባድማ አለ፤ ዘር ያልተዘራበት ጦም ያደረ ይባላል፤ ዳዋ የለበሰ አለ። እንግሊዝኛው «ፋሎው» የሚለው ከጦም ያደረው ጋራ ይቀራረባል፤ የኛው ግን መሬቱ የተራበ መሆኑን ጭምር ስለሚናገር ይበልጣል። ስለ ኪራይም ቢሆን አማርኛ በግሡ ባይለይ በሚያስከትለው ስም ይለያል፤ የቤት ኪራይ፥ የበቅሎ ኪራይ እያልን። ድኻው ደብተሩ ነው። ደብተሩ አንድን ቃል በአንድ ቃል ለመግዛት ስለሚፈልግ ከሀብታችን የሚያነሣው ሳንቲሙን ብቻ ነው።

ጠንከር ያለ መቃወሚያ ከመምህራን በኩል ሊነሣ ይችላል። ጀማሪ ተማሪ ስለ «ሌሰር»ና ስለ «ቬካንት ፖዜሽን» ምን አገባው፥ መጀመሪያ ጠቅላላውን ይወቅ፥ ልዩነቱ በኋላ ይደርሳል ይባላል። እውነት አለው። ነገር ግን በኋላ የተባለው ጊዜ ለብዙዎቻችን አልመጣም፤ እኔም ኢታንግ ባላድግ ኖሮ አይመጣልኝም ነበር። ቢያንስ ቅንፉ ይቅር። አራቱ ቃላት በአራት መስመር ላይ ተጽፈው በየፊታቸው አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ቢኖር፥ ታንኳው፥ ክፍሉና መሬቱ ለየብቻቸው ቢታዩ፥ የሚፈጀው ግማሽ ገጽ ነው።

የሁለቱ ውሎች አጨራረስም ይለያያል። የመጀመሪያው ዘመኑ ስለ ሞላ አለቀ፤ የካሩቱሪውን መንግሥት በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. አፈረሰው፥ ከ50ው ዓመት ገና አምስቱ ሲያልፉ። እንግሊዝኛው ለመጀመሪያው «ኤክስፓየር»፥ ለሁለተኛው «ተርሚኔት» ይላል። አለቀና ፈረሰ የሚሉት የኛ ቃላት ይህን ያለ ምንም ችግር ይለያሉ፤ ደብተሬ ግን ለሁለቱም የሚሰጠው «ማቆም» የሚለውን ነው።

በዚህ ዓመት ያን ገጽ አውጥቼ ቅንፉን ሰረዝሁት። ከ«ሊዝ» ፊት ለፊት «ሊዝ» ብዬ ጻፍሁ፤ በ1986 ዓ.ም. ስለ ከተማ ቦታ በወጣው አዋጅ ምክንያት ቃሉ ራሱ አማርኛ ገብቷልና ሌላ ፍለጋ መድከም አላስፈለገኝም። ለ«ቬካንት ፖዜሽን» «ነዋሪው ለቅቆት የሚሰጥ ይዞታ» የሚል ሞክሬአለሁ፤ ረዥም ነው፤ ነገር ግን የሚለቅቅ ሰው መኖሩን አይደብቅም። ከዚህ የሚያጥር ያገኘ አንባቢ፥ እንዲሁም ውሃው ለጊዜው የሸፈነው የወንዝ ዳር እርሻ በአኙዋክ ቋንቋ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ጓደኛ፥ ለሚቀጥለው የቡለቲኑ ቍጥር ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።